«ጠባ» እና «የጡት ልጅ»፦ የአንድ ግስ ፍችና ታሪክ

በአማርኛ ሕፃን የእናቱን ወተት ሲስብ «ጠባ»፣ እናቲቱም ስትሰጠው «አጠባች» ይባላል። የግሱ ጥንተ መሠረት የግእዙ «ጠበወ» ነው፤ አድራጊው «አጥበወ»፣ ስሙ «ጥብ»፣ ሲበዛም «አጥባት» ይሆናል። ትግርኛ በ«ጠበወ» መጨረሻውን «ወ» ጠብቋል። አማርኛ ግን ጥሎት ሁለተኛውን ፊደል ራብዕ አድርጓል፤ የግእዙ «ፈረየ» በ«አፈራ» ውስጥ የሚታየውም በዚሁ መልክ ነው። በዐረብኛ የእንስሳ የጡት ጫፍ «ጡብይ»፣ ሲበዛ «አጥባእ» መባሉ ሥሩ ከቀይ ባሕር ማዶም እንደሚገኝ ያሳያል። ዕብራይስጥና አካድኛ በአንጻሩ ለዚሁ ተግባር «ይ-ን-ቅ» ከሚለው ሥር የወጣ ግስ ይጠቀማሉ።

ግእዝ አቅፎ ማሳደግን የሚገልጽበት ሌላ ግስ «ሐፀነ» ነው። «ሕፅን» ዕቅፍ፣ «ሐፃኒ» አሳዳጊ፣ «ሕፃን» በዕቅፍ የሚያድግ ልጅ ነው። አማርኛ ከዚህ ቤተሰብ በዕለታዊ ንግግሩ የያዘው በተለይ «ሕፃን» የሚለውን ስም ነው።

የ«ጠባ» ፍች ግን በምግብ አይወሰንም። «የጡት ልጅ» እና «የጡት አባት» የሚሉት ሐረጎች ከሥጋ ልደት ውጭ በስምምነት የተመሠረተን ዝምድና ይሰይማሉ። በሥርዐቱ ልጅ የሚሆነው ሰው፣ ዐዋቂም ቢሆን፣ የአሳዳጊውን ጡት ወይም ጣት ይጠባ ነበር። ወንድ «የጡት አባት» መባሉ እንግዳ የማይሆነው መጥባት እዚህ ላይ መመገብ ሳይሆን ቃል ኪዳን በመሆኑ ነው። በኦሮሞም ዘንድ «ሀርማ ሆዻ»፣ በቃሉ ፍች «ጡት መጥባት»፣ የተመሳሳይ ሥርዐት ስም ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ቃል ሳይዋዋሱ አንድን ምስል ተጋርተዋል።

በሕግ ቋንቋ የጸናው ግን ሌላ የኦሮምኛ ቃል ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ዝምድና «ጉዲፈቻ» ይለዋል፤ መነሻው «ለራስ ማሳደግ» ማለት ነው። የስያሜው ትኩረት ከሥርዐቱ ቅጽበት ወደ ረጅሙ ማሳደግ ተሻግሯል።

እንግዲህ «ጠባ»ን «የእናቱን ወተት ሳበ» ብሎ ብቻ የሚፈታ መዝገበ ቃላት የቃሉን ግማሽ ታሪክ ይተዋል። «የጡት ልጅ» የሚል ሐረግ በአሮጌ የርስት ክርክር ወይም በትውልድ ቈጠራ ያገኘ አንባቢም የሚጠባ ሕፃን ሊመስለው ይችላል፤ የተባለው ግን ሙሉ ሰው፣ ምናልባትም ወራሽ ነው።