የካሴቱን ወረቀት የጣልነው እኛ ነን

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ዘፈን በመልእክት ላከችልኝ። «ቲቸር፣ ይሄን ዘፈን ያኔ ከእርስዎ ፍላሽ ነው የገለበጥኩት። ግጥሙን ማን እንደጻፈው ይነግሩኛል? ለሥራ ፈልጌው ነው» ትላለች።

ከፈትኩት። ዜማውን ወዲያው አወቅኩት። የፋይሉ ስም ግን «ትራክ 07» ነው። ዘፋኝ፦ ያልታወቀ። አልበም፦ ያልታወቀ። ይባስ ብሎ ያንን ፋይል የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ነገሩ ከአንድ ዘፈን በላይ ስለሆነብኝ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ኮምፒዩተር ላስተማርኳችሁ ልጆች የቆየ ዕዳ መክፈያ ይሁንልኝ፤ ለሌሎቻችሁ ደግሞ የዘፈኖቻችን ስም የትና እንዴት እንደጠፋ አጭር ታሪክ።

ሐዋሳን የምታውቁ መናኸሪያ ሰፈርን ታውቁታላችሁ። ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሶዶ የሚሄደው ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚተራመሰው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አካባቢ ካየለው ንግድ አንዱ ዘፈን መጫን ነበር። በር ላይ ትልቅ ስፒከር፣ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ግድግዳው ላይ «ሚሞሪ እንጭናለን» የሚል ወረቀት። ሹፌሩ ፍላሹን፣ መንገደኛው የስልኩን ሚሞሪ እየሰጠ «ትዝታ ትዝታ ነገር ሙላልኝ» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ሲመለስ ሁለት መቶ ዘፈን ተጭኖ ይጠብቀዋል።

እኔ ቀን አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ ከእነዚህ ሱቆች በአንዱ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር እገለብጥ ነበር። ከቴፑ ገመድ አውጥቼ ኮምፒዩተሩ ጀርባ ላይ እሰካለሁ፤ የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ቁጭ ያሰኛል። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ተገልብጦ ያለቀው ካሴት ከነማቀፊያው በኩርቱ ፌስታል ይወጣል። የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም።

ያ ማቀፊያ ውስጥ የነበረው ወረቀት ምን ይዞ እንደነበር ካሴት ያልደረሰባችሁ ልጆች ላታውቁ ትችላላችሁ። ፊት ለፊት የዘፋኙ ፎቶ አለ። ተገልጦ ሲታይ ግን ለእያንዳንዱ ዘፈን «ግጥም፦ እገሌ፣ ዜማ፦ እገሌ» ይላል። ቅንብሩ የማን እንደሆነ፣ ያጀበው ባንድ፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት፣ አንዳንዴም የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ይኖራል። አንዲት መዳፍ የማትሞላ ወረቀት፣ ግን ሙሉ መዝገብ ናት።

ስም የመጻፉ ነገር ከካሴትም በፊት ነበር። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሐ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተሙ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው ይባል የነበረበት ዘመን ነው። እሱ ደፍሮ የእነ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ፤ ከዚያ እነ ካይፋ ሪከርድስ ተከተሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ሲዲዎች በተከታታይ ሲያወጣ መነሻ የሆኑት እነዚያ ሸክላዎች ናቸው። ያ ሙዚቃ በዓለም ፊት ሲቆም ስም ይዞ የቆመው አንዱ ምክንያት ሸክላው መሐል ላይ ስም ስለነበረ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። አሜሪካ ቀርቶ በ1985 እ.ኤ.አ. ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ አኮርዲዮኑን በኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከበሮ በሚመታ ማሽን አጅቦ። ባንድ ሙሉ ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው በማሽን ሠራው ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ታዲያ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል የድሮ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር መጥቶ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈለገው፤ ስልኩን አገኘ፤ ደወለ። አልበሙ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አልበምም አወጣ።

አሁን ይሄን አስቡት። ያ ሰው ባሕር ዳር ካሴቱን ከነወረቀቱ ባያገኝና፣ እንደ እኔ ዓይነቱ ጎበዝ የሞላውን ሚሞሪ ገዝቶ ቢሆን ኖሮስ? «ትራክ 03፣ ያልታወቀ»። ማንን ይደውል ነበር?

«ያልታወቀ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ይሄ ክፍል የእናንተ ነው።

የሙዚቃ ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲወጣ በውስጡ የያዘው ድምፅ ብቻ ነው፤ የዘፈን ስም አልነበረበትም። ስም ሽፋኑ ወረቀት ላይ አለ ተብሎ ታሰበ። በኋላ ሰው ሲዲውን ኮምፒዩተር ላይ መገልበጥ ሲጀምር፣ ሶፍትዌሩ የዘፈኖቹን ርዝመት ቆጥሮ ኢንተርኔት ላይ ያለ መዝገብን «ይሄ የማን ሲዲ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሱቅ ኢንተርኔት የለውም። ቢኖረውስ የእኛን ሲዲ እዚያ መዝገብ ውስጥ ማን አስገብቶት? ስለዚህ ማሽኑ ያለ ኀፍረት «ያልታወቀ ዘፋኝ፣ ትራክ 07» ብሎ ይጽፋል። እኛም ካሴቱን መጀመሪያ ሲዲ ላይ፣ ከሲዲው ደግሞ ወደ ኤምፒ3 ስለምናዞረው በዚያው መንገድ ስሙ ይረግፋል።

ታዲያ በእጅ ለምን አልጻፋችሁም ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤምፒ3 ፋይል መጨረሻው ላይ መታወቂያ የሚሆን ትንሽ ቦታ በ1996 እ.ኤ.አ. ተጨመረለት፤ መጠኑ 128 ባይት ብቻ። ለዘፈኑ ርዕስ 30፣ ለዘፋኙ 30፣ ለአልበሙ 30፣ ለዓመቱ 4። ለገጣሚው? የለም። ለዜማ ደራሲው? የለም። ለአቀናባሪው? እሱም የለም። የእኛ ካሴት ወረቀት ዋና ጉዳዬ ብሎ የያዛቸው ሦስቱ ሰዎች ቅጹ ላይ ቦታ አልነበራቸውም። በዚያ ላይ ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 30 ባይት ማለት 10 ፊደል ነው። የፍቅር ዘፈን ርዕስ በ10 ፊደል ያልቃል እንዴ?

ፊደሉ ራሱም ሌላ ጣጣ ነበረው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የጻፋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ እነዚያ ሶፍትዌሮች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ስንት መጽሐፍና ጋዜጣ ታትሞባቸዋል። ግን ፊደላቱን በላቲኑ ቁጥሮች ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ሁሉም ደግሞ በየራሱ አቀማመጥ። ወርድ ላይ አምሮ የታየው ጽሑፍ ፋይል ስም ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ «ኒያላ» የተባለውን ፊደል ከነአማርኛ ኪቦርዱ ይዞ የመጣው በቪስታ ጊዜ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ሱቅ ኮምፒዩተር ቪስታን ሊሸከም ይቅርና ኤክስፒም ያስተኛው ነበር። ስለዚህ ልክ ሚሞሪ መጫን በተጧጧፈበት ሰዓት፣ በአማርኛ ስም መጻፍ ገና ለሱቁ ኮምፒዩተር አልደረሰም።

ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ ምክንያት አይሆነኝም። በላቲንም ቢሆን መጻፍ እችል ነበር። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መታወቂያው ተሻሽሎ የግጥም ደራሲም የዜማ ደራሲም ቦታ ተሰጥቶታል፤ ይህንን ደግሞ አውቅ ነበር፤ ኮምፒዩተር አስተማሪ ነኝ እኮ። አንድ ካሴት ላይ ስም መጻፍ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አሥሩ ደቂቃ አልተከፈለበትም፤ ስለዚህ አልጻፍኩም። እውነቱ ይሄ ነው።

ሕጉስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ስገለብጥ ሕጉ ነበረ። ሰው ስለዚህ አዋጅ ሲያወራ ስለ ገንዘቡና ስለ እስሩ ብቻ ነው። ነገር ግን አዋጁ የሥራ አመንጪን የሞራል መብትም ያስከብራል፤ «ይሄ ሥራ የእኔ ነው» ብሎ በስሙ የመታወቅ መብት። ገጣሚውን ሁለት ጊዜ በደልነው ማለት ነው፤ አንዴ ገንዘቡን፣ አንዴ ስሙን። ገንዘቡ በሕግ ሊተመን ይችላል። ስሙን ግን የሚያስታውስ ሰው ካለቀ ማን ይመልሰዋል?

አሁን ደግሞ የብዙዎቻችሁን ክርክር ላንሳ። በየጊዜው «ቲቸር፣ ኤምፒ3 ድምፁን ገደለው አይደል?» ትሉኛላችሁ። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱን በ16 ቢት፣ ለሁለት ጆሮ ይመዘግባል፤ ተባዝቶ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። እኛ የምንጭነው በ128,000 ነበር፤ ወደ 11 እጥፍ ያነሰ። የ4 ደቂቃ ዘፈን ከ42 ሜጋባይት ወደ 4 ሜጋባይት ይወርዳል። ኤምፒ3 ይሄን የሚያደርገው ጆሮ የማይለየውን እየመረጠ በመጣል ነው። አዎ፣ ጸናጽሉ ትንሽ ይሸረፋል፤ የክራሩ ጥራትም ይቀንሳል። ግን ባጃጅ ውስጥ፣ በተቀደደ ስፒከር፣ ይሄን ማን ይለየዋል? ካሴቱም እኮ ከተገለበጠ የተገለበጠ ነበር። የጠፋብን ትልቁ ነገር ድምፁ አይደለም። ወረቀቱ ነው።

ይልቅ ድምፁን የሚገድለው የውሸት ሚሞሪ ነው። ላዩ ላይ 32 ጊጋ ይላል፤ ውስጡ 4 ነው። ኮምፒዩተሩን 32 ነኝ ብሎ ያታልለዋል፤ ከ4 በላይ የጫናችሁት ግን የትም አይገባም፣ ወይም የቀደመውን ይደመስሳል። የአባታችሁን ካሴት እንደዚህ ባለ ነገር ላይ ብቻ ካስቀመጣችሁ እንዳላስቀመጣችሁ ቁጠሩት። ከመግዛታችሁ በፊት እስከ አፉ ሙሉትና መልሳችሁ ክፈቱት።

በ2011 ዓ.ም. እነ ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ዳዊት ንጉሡ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲጀምሩ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ሙያተኞቹ ራሳቸው መዝገቡን መያዛቸው ትልቅ ነገር ነው። ያለፈውን ግን ማንም መተግበሪያ አይመልስልንም። የድሮው ዘፈን ዛሬ በየቻናሉ ተጭኖ የምናየው አብዛኛው ከእንደኛ ዓይነት ሱቅ የወጣ ቅጂ ይመስለኛል፤ ከሥሩ የዘፋኙ ስም ብቻ አለ፣ እሱም አንዳንዴ የሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። ቤታችሁ፣ አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ፣ የካሴት ካርቶን ካለ ነገ ሳይሆን ዛሬ አውርዱት። ድምፁን ለመገልበጥ ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ ወረቀቱን አውጥታችሁ በስልካችሁ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱት። ድምፁን የምትገለብጡ ደግሞ የቴፑን ጭንቅላት በአልኮልና በጥጥ አጽዱ፤ መጀመሪያ ሳታሳንሱ ሙሉውን ቅዱ፤ ከዚያ ነው ወደ ኤምፒ3 መለወጥ። መታወቂያው ላይ ርዕሱን፣ ዘፋኙን፣ ግጥምና ዜማ ደራሲውን በአማርኛ ጻፉ። ዛሬ ማንኛውም ስልክ ያነበዋል። ምክንያት የለንም።

ለዚያች ተማሪዬ «አላውቀውም፤ የጣልኩት እኔ ነኝ» ብዬ መለስኩላት። «ችግር የለውም ቲቸር፣ አባቴን እጠይቃለሁ» አለችኝ። አባትየው እስካሁን ዜማውን እንጂ ስሙን አላስታወሱም።

ዘፈኑን አስተያየት መስጫው ላይ አስቀምጬዋለሁ። የምታውቁት ካላችሁ፣ ወይም ካሴቱ ያለው ዘመድ ካላችሁ፣ ዘፋኙን ሳይሆን ግጥሙን የጻፈውን ሰው ስም ጻፉልኝ። ከተገኘ ፋይሉን በስሙ አስተካክዬ እዚሁ እመልሰዋለሁ።

ቸር ሰንብቱ።