የገመድ አልባ ሴንሰር ባትሪ አመራረጥ

አነስተኛ ኃይል የሚጠቀም ገመድ አልባ ሴንሰር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። ሙቀት ወይም የአፈር እርጥበት ይለካል፣ ውጤቱን በሬዲዮ ይልካል፣ መልሶ ይተኛል። ባትሪው ለዓመታት ጥቂት ማይክሮአምፔር እየሰጠ መቆየት፣ በየመሃሉም ለሚሊሰከንዶች በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ኮረንት ማቅረብ አለበት። ማሸጊያው ላይ የሚታተመው የሚሊአምፔር ሰዓት መጠን ስለዚህኛው ችሎታ የሚናገረው ነገር የለም።

ለምሳሌ ሲተኛ 5 ማይክሮአምፔር የሚወስድ፣ በየደቂቃው ደግሞ ለ5 ሚሊሰከንድ 24 ሚሊአምፔር የሚስብ መሣሪያ ቢኖር፣ የሬዲዮው ድርሻ በአማካይ 2 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። ብዙውን የሚበላው እንቅልፉ ነው። በድምሩ 7 ማይክሮአምፔር ስለሚፈጅ፣ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዘው ሲአር2032 የተባለው ክብ ባትሪ በስሌት ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ያቆየዋል። በተግባር ግን መሣሪያው ባትሪው ሳያልቅ ሊጠፋ ይችላል። ባትሪው እየተዳከመ በሄደ መጠን የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ 40 ኦም ከደረሰ በኋላ ሬዲዮው በተነሳ ቁጥር ቮልቴጁ በ1 ቮልት ገደማ ይወርዳል። ቢያንስ 2 ቮልት የሚፈልግ ማይክሮኮንትሮለር ያኔ መልእክቱን ሳይጨርስ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሳል። 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አጠገቡ ቢገጠም ችግሩ ይቃለላል፤ የሚያሾልከው ኮረንት አነስተኛ የሆነ ካፓሲተር ካልተመረጠ ግን ትርፉ ኪሳራ ነው።

ቦታ ካለ ሁለት ኤኤ አልካላይን ድንጋይ ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ የትም ሱቅ ይገኛል፣ ወደ 2500 ሚሊአምፔር ሰዓትም ይይዛል። ብርድ ግን ያዳክመዋል፤ ሲያረጅም ፈሳሽ አውጥቶ ሰርኪዩቱን ይበላል።

እንደ ውኃ ቆጣሪ ከአስር ዓመት በላይ ሳይነኩ ለሚቆዩ መሣሪያዎች 3.6 ቮልት የሚሰጠው ሊቲየም ታዮኒል ክሎራይድ ይመረጣል። በራሱ የሚያባክነው በዓመት 1 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ያህል የሚያቆየው ሊቲየሙ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ነው፤ ይኸው ሽፋን ከረጅም እንቅልፍ በኋላ ኮረንት ድንገት ሲጠየቅ ቮልቴጁን ለአፍታ ይጥለዋል።

ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ያለ ሶላር ብዙም አያዋጡም። በወር 20 በመቶ የሚያባክን፣ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ የቆየ ዓይነት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ በከንቱ 400 ሚሊአምፔር ሰዓት ያጣል፤ ከላይ የተጠቀሰው መሣሪያ በወር የሚፈልገው ግን 5 ብቻ ነው። ሊቲየም አዮን ብክነቱ ያነሰ ቢሆንም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ የሊቲየም ብረት ስለሚጋገር፣ ብርዳማ ቦታ ላይ የሚተከል ሶላር ሙቀት የሚከታተል ቻርጅ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል።