የዝሆን ዓመት፦ የአብርሃ የመካ ዘመቻና የወረራ ፍትሐዊነት ጥያቄ

የዝሆን ዓመት (በዐረብኛ ዓመል ፊል) በየመን የነገሠው ሐበሻዊ ክርስቲያን ገዥ አብርሃ፣ ካዕባን ለማፍረስ ዝሆን አስከትሎ ወደ መካ የዘመተበት ዓመት መጠሪያ ነው። በእስልምና ትውፊት ነቢዩ ሙሐመድ የተወለዱት በዚሁ ዓመት በመሆኑ፣ ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ 570 አካባቢ ይባላል፤ በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዘመቻው ለብቻው ሲነገር የአንድ ትዕቢተኛ ገዥ ታሪክ ይመስላል። ከ525ቱ የአክሱም ንጉሥ የአፄ ካሌብ የየመን ዘመቻ ጋር ሲነበብ ግን አንድ አገር በሌላው ላይ ጦር ማዝመቱ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ ይኖር እንደሆነ ያጠያይቃል። ኢትዮጵያውያን ወረራን የምናውቀው በተወራሪነት፣ ከዐድዋና ከማይጨው ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግረን የሰው አገር የገባንበት ዘመን ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ ለኩራት ብቻ ይነሣል፤ መመርመርም ይገባዋል።

የናግራን እልቂትና የካሌብ ዘመቻ

በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሂምያር መንግሥት፣ የዛሬዋ የመን፣ በታላላቆቹ ኃይሎች መካከል ተወጥሮ ነበር፤ በአንድ ወገን አክሱምና ወዳጇ ቢዛንታይን፣ በሌላው ወገን ፋርስ። አክሱም በ518 አካባቢ ጦር ልካ የምትደግፈውን ንጉሥ አስቀምጣ፣ በዋና ከተማው በዘፋርም ወታደሮቿን አስፍራ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥልጣን የያዘው የአይሁድ እምነት ተከታዩ ዩሱፍ አስአር ነው፤ ዐረቦች ዙ ኑዋስ፣ የኢትዮጵያ ምንጮች ፊንሐስ ይሉታል። በዘፋር የነበሩትን ሐበሾች ገደለ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውን አቃጠለ፤ ወደ ናግራን ከተማም ዘምቶ ክርስቲያኖቿን በ523 ፈጀ። ከሰማዕታቱ መካከል ስሙ የገነነው አረጋዊው ሂሩት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የናግራን ሰማዕታትን ኅዳር 26 ቀን ታስባለች።

ስለ እልቂቱ የሚመሰክሩት ተበዳዮቹ ብቻ አይደሉም። ከናግራን በስተሰሜን በቢር ሒማ ዐለቶች ላይ የዩሱፍ የጦር አዛዥ ሸራሒል በዚያው ዓመት ያስቀረጻቸው ጽሑፎች አሉ። በዘመቻው በሙሉ ከ12,000 በላይ ሰው መገደሉንና ከ9,000 የማያንስ መማረኩን እንደ ድል ይዘረዝራሉ። ይህ ብርቅ ማስረጃ ነው፤ በአብዛኞቹ ወረራዎች ግፍ ተፈጽሟል ብሎ የሚናገረው ሊዘምት የተነሣው ወገን ራሱ ነውና። ዩሱፍም በበኩሉ ምክንያት ነበረው። በቢዛንታይን ግዛት አይሁድ ይጨቆኑ ነበር፤ በገዛ ከተማውም የባዕድ ጦር ሰፍሮበት ነበር። ይህ የናግራንን ሕዝብ ለመፍጀት ፈቃድ አይሆንም። ይሁን እንጂ እልቂቱን ከ518ቱ ጣልቃ ገብነት ነጥሎ መተረክም ታሪኩን በግማሽ መናገር ነው።

የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ዮስጢኖስ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በጢሞቴዎስ በኩል አፄ ካሌብ እንዲዘምቱ አሳሰበ። በአዱሊስ አጠገብ በገበዛ ወደብ ከ60 ያላነሱ መርከቦች ተሰበሰቡ። ነጋዴው ኮስማስ በዚያ ወቅት አዱሊስ ስለነበር የዝግጅቱን ነገር ጽፎ አቆይቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የናግራን ክርስቲያኖችም ሆኑ ካሌብ የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉ ነበሩ፤ ዮስጢኖስ ደግሞ በገዛ ግዛቱ የሚያሳድደው እንደነርሱ ያሉትን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተከታዩ ዮስጢንያኖስ አክሱምን የጠየቃት የሕንድ ሐር ገዝታ እንድትሸጥለትና የፋርስ ነጋዴዎች ከመሐል እንዲወጡ ነው። ለአክሱም የወገን ደም የነበረው ጉዳይ ለቁስጥንጥንያ የንግድ መንገድም ነበር።

ካሌብ በ525 ተሻግረው ዩሱፍን ድል አደረጉ፤ ዩሱፍም በጦርነቱ ሞተ። አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ፤ የአገሩ ተወላጅ የሆነው ክርስቲያን ሱሙያፋ አሽዋ ነገሠ፤ ካሌብም ጦር ትተው ተመለሱ። እንደ ኢትዮጵያ ትውፊት ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው መንነዋል። ጦርነት ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል የሚሉ ሊቃውንት ከሚያነሧቸው መስፈርቶች አንጻር ይህ ዘመቻ ብዙውን ያሟላል። ግፉ የተረጋገጠ ነበር፤ የተበደሉት ተገድለዋል፤ ድል አድራጊው ንጉሥም አገሩን በስሙ አልገዛም። የጎደለው በኋላ የሆነው ነው።

ጦሩ ሲቀር

የቢዛንታይኑ የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው ከሐበሻ ወታደሮች ብዙዎቹ ምድሩን ወደውት ቀሩ። እነዚህ ሱሙያፋን ከሥልጣን አውርደው አሰሩትና በአዱሊስ የአንድ ሮማዊ ነጋዴ ባሪያ የነበረውን አብርሃን አነገሡ። ካሌብ 3,000 ወታደር ቢልኩም፣ ወታደሮቹ አዛዣቸውን ገድለው ከአብርሃ ጋር ተቀላቀሉ። ሁለተኛው ጦር ተሸነፈ። አብርሃ ከካሌብ በኋላ ለነገሠው ንጉሥ ግብር ለመክፈል ተስማምቶ ነገሩ በረደ። የናግራን ሰማዕታትን ለመበቀል የተሻገረው ጦር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የራሱ ጥቅም ያለው መንግሥት ሆነ፤ የየመን ሕዝብም ይህን ንጉሥ አልመረጠም።

አብርሃ ግን ተራ ቀማኛ አልነበረም። በ548 ባስቀረጸው የማሪብ ግድብ ጽሑፍ የፈረሰውን ግድብ ማስጠገኑንና የአክሱም፣ የቢዛንታይንና የፋርስ መልእክተኞችን መቀበሉን ይናገራል። በ552 በመካከለኛው ዐረቢያ በመዓድ ነገዶች ላይ መዝመቱን የሙረይጋን ጽሑፍ ይመሰክራል። አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ከመካው ዘመቻ ጋር ለማያያዝ ቢሞክሩም ጽሑፉ መካን አይጠቅስም።

ወደ መካ

የመካው ዘመቻ ታሪክ የሚታወቀው ከሙስሊም የታሪክ ጸሐፊዎች ነው። አብርሃ በሰንዓ አል-ቀሊስ የተባለ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ የዐረብ ተሳላሚዎችን ከካዕባ ወደዚያ ሊስብ ፈለገ። ከኪናና ነገድ የሆነ አንድ ሰው ሄዶ ቤተ ክርስቲያኑን አረከሰው። አብርሃም ካዕባን አፈርሳለሁ ብሎ ማለ። ጣኢፍ ሲደርስ አቡ ሪጋል የተባለ መንገድ መሪ ተሰጠው፤ ይህ ሰው በመንገድ ሞቶ መቃብሩ ለረጅም ዘመን በድንጋይ ሲወገር ኖረ። ዐረቦች ከወራሪው ይልቅ የከረረ ቂም የያዙት መንገድ በመራው ላይ ነበር።

ጦሩ መካ አጠገብ ሲሰፍር የነቢዩ አያት የአብዱል ሙጦሊብ 200 ግመሎች ተዘረፉ። እሳቸውም ወደ አብርሃ ድንኳን ሄደው የጠየቁት ግመሎቻቸውን ብቻ ነው። ስለ ካዕባ ለምን እንዳልለመኑት ሲጠይቃቸው የግመሎቹ ጌታ እሳቸው እንደሆኑ፣ ቤቱም የሚጠብቀው የራሱ ጌታ እንዳለው መለሱለት። ማሕሙድ የተባለው ዝሆን ፊቱ ወደ መካ ሲዞር ተንበረከከ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር ግን ተራመደ። የቁርኣን 105ኛ ምዕራፍ፣ ሱረቱል ፊል፣ በአምስት አንቀጾች ጦሩ ድንጋይ በያዙ የወፍ መንጋዎች እንደጠፋ ይናገራል። በዚያ ዓመት በዐረቢያ ፈንጣጣ እንደታየ የሚያወሱ ጥንታዊ ዘገባዎችም አሉ። በሙዝደሊፋና በሚና መካከል ያለውን የሙሐሲር ሸለቆ ሐጃጆች ዛሬም ፈጠን ብለው ያልፉታል፤ ብዙዎች ጦሩ የጠፋበት ቦታ ነው ይላሉ።

አብርሃ ያቀረበው ምክንያት ተመዝኖ ይወድቃል። የቤተ ክርስቲያን መደፈር በደል ነው፤ በዳዩ ግን አንድ ሰው ነበር፤ ቅጣቱ የታሰበው ለከተማና ለመቅደስ ነው። የመካ ሰዎች በሰንዓ ላይ ጦር አላነሡም። ካሌብ የተሻገሩት የፈሰሰ ደም ይዘው ነው፤ አብርሃ ይዞ የተነሣው የተነካ ክብርና የተሳላሚ ገበያ ነበር። ሁለቱም መስቀል ይዘው መዝመታቸው አንድ አያደርጋቸውም።

የአብርሃ ልጆች ብዙ አልቆዩም። የሂምያር መስፍን ሰይፍ ኢብን ዚ የዘን ሐበሾችን ለማስወጣት የፋርስን እርዳታ ጠየቀ፤ ንጉሥ ኾስሮውም በወህረዝ የሚመራ ጦር ላከ። ሐበሾቹ ወጡ፤ የመንም በመጨረሻ የፋርስ ግዛት ሆነች።

ሹዐይባና ጅዳ

የዝሆን ዓመት ካለፈ ግማሽ ምእት ዓመት ሳይሞላ፣ በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከጅዳ በስተደቡብ ካለው ከሹዐይባ ወደብ ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾች ዐምር ኢብን አል-ዓስን ገጸ በረከት አስይዘው ተላልፈው እንዲሰጧቸው ቢጠይቁም፣ የሐበሻው ንጉሥ ነጋሺ የስደተኞቹን ቃል አቀባይ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን አድምጠው ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም፤ ገጸ በረከቱንም መለሱ። የተገፋን ለማዳን ጦር ማሻገር የግድ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ በሁለቱ ዳርቻዎች የለም። ሐበሾች ነገር እስካልጀመሩ ድረስ ሙስሊሞች እንዲተዉአቸው ነቢዩ መምከራቸውንም የሐዲስ መጻሕፍት ያወሳሉ።

ሰላሙ ግን ያልተቋረጠ አልነበረም። ጅዳ በኸሊፋ ዑስማን ዘመን፣ በ647 አካባቢ፣ የመካ ወደብ ሆነች፤ በ702 ከሐበሻ የተነሡ የባሕር ወራሪዎች ዘረፏት፤ ኡመያዎችም ለዚህ ምላሽ የዳህላክ ደሴቶችን ያዙ። በ1517 የፖርቱጋል የጦር መርከቦች እስከ ጅዳ ደርሰው ሳይይዟት ሲመለሱ፣ በመርከቦቹ ላይ የኢትዮጵያዋ እቴጌ የእሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ነበር።

በዘመናዊው ሕግ

የ1945ቱ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአንቀጽ 2 ንኡስ አንቀጽ 4 በሌላ አገር ላይ ኃይል መጠቀምን ይከለክላል። የሚፈቅደው ራስን ለመከላከል ሲሆን በአንቀጽ 51፣ አለዚያም በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ነው። ካሌብ ዛሬ ቢሆኑ ለናግራን ሰዎች ሲሉ ብቻቸውን መዝመት አይችሉም፤ የሌሎችን ይሁንታ መጠየቅ ነበረባቸው። ሕጉ እንዲህ የጠበበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጣልያንም በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ባሪያ ነጻ አወጣለሁ ትል ነበር።

ጅዳ ይህን ሕግ በቅርብ አይታዋለች። ጁላይ 31 ቀን 1990 የኢራቅና የኩዌት ልዑካን በከተማዋ ለድርድር ተቀመጡ፤ ንግግሩ በማግሥቱ ፈረሰ፤ ኦገስት 2 ቀን ኢራቅ ኩዌትን ወረረች። ኢራቅ በመጀመሪያ የኩዌት አብዮተኞች ጠርተውኝ ነው አለች፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ኩዌትን 19ኛ ክፍለ ሀገሯ አደረገቻት። ኖቬምበር 29 ቀን የጸጥታው ምክር ቤት ኢራቅን ለማስወጣት ኃይል እንዲውል የፈቀደውን ውሳኔ 678 በ12 ድምፅ አጸደቀ። ኩባና የመን ተቃወሙ፤ ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። በዚያን ጊዜ የምክር ቤቱ አባል የነበረችው ኢትዮጵያ ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች።