የአላኮሉ ሲጋል

ቅሪት ሲጋል የሚባለው የውሃ ወፍ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሳይንስ ዘንድ የሚታወቀው በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ በተቀመጡ በጣም ጥቂት ቆዳዎች ነበር። የመጀመሪያው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1929 በደቡባዊ ጎቢ በረሃ፣ በኤድሲን ጎል ወንዝ አካባቢ ሲሆን ያገኘውም የስዊድናዊው አሳሽ ስቬን ሄዲን የጉዞ ቡድን አባል ነው። በ1931 ስዊድናዊው የእንስሳት ሊቅ አይናር ሎንበርግ ወፉን መዝግቦ «ሬሊክተስ» አለው፤ በላቲን «የቀረ፣ የተረፈ» ማለት ነው።

ስሙ ወጣ እንጂ ክርክሩ አልቆመም። ከፊሎቹ ሊቃውንት የሜዲትራኒያን ሲጋል ምሥራቃዊ ዘር ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ዲቃላ ነው ባይ ነበሩ፤ ወላጆቹም ባለ ቡናማ ራስ ሲጋልና ትልቁ የፓላስ ሲጋል ናቸው ተባለ። የፓላስ ሲጋል በመካከለኛው እስያ ተራብቶ የሰሜኑ ብርድ ሲጠና ዝዋይን ወደመሳሰሉ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጭምር የሚወርደው ነው። የዲቃላው ግምት የዋዛ አልነበረም፤ ከቆዳ ላይ ቀለም እንጂ ዘር አይነበብም።

መልሱ የተገኘው ከሐይቅ ነው። አላኮል በምሥራቅ ካዛክስታን፣ በቻይና ድንበር አጠገብ የሚገኝ ጨዋማ ሐይቅ ነው፤ ስሙ በካዛክኛ «ዝንጉርጉር ሐይቅ» ማለት ነው። ከየትኛውም ውቅያኖስ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካዛካዊው የወፍ ተመራማሪ ኤርናር አዌዞቭ፣ የታዋቂው ደራሲ የሙክታር አዌዞቭ ልጅ፣ በሐይቁ ደሴት ላይ ቅሪት ሲጋሎች ጎጆ ለጎጆ ተጠጋግተው እንቁላል ሲታቀፉ አገኘ። ዲቃላ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ይገኝ ይሆናል፤ አንድ መልክ ይዞ፣ እርስ በርሱ ተጣምሮ፣ በመንጋ የሚፈለፍል ወፍ ግን ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። አዌዞቭ ይህንኑ በ1971 አሳተመ።

ወፉን ከቅርብ ላየው መለያው ግልጽ ነው። በመራቢያው ወቅት ራሱ ከመንቁሩ ሥር ቡና መስሎ ይጀምርና ወደ ማጅራቱ ሲሄድ ይጠቁራል። ከዓይኑ በላይና በታች ወፈር ያለ ነጭ ጨረቃ አለው። ዓይኑ ጥቁር ነው፤ የባለ ቡናማ ራስ ሲጋል ዓይን ግን የነጣ ነው። ጫጩቱ ነጣ ያለ ለስላሳ ላባ ለብሶ ይፈለፈላል።

ይህ ወፍ ቦታ አይረጋለትም። የሚራባው በረሃ ገብ በሆኑ ጨዋማ ሐይቆች ደሴቶች ላይ ነው። ውሃው ሲሞላ ጎጆው ይጥለቀለቃል፤ ሲጎድል ደሴቱ ከየብስ ጋር ይገጥምና ለቀበሮ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ በአላኮል አንዳንድ ዓመት ብዙ መቶ ጥንድ ሲቆጠር አንዳንድ ዓመት አንድም ጎጆ አይገኝም። በቻይና ኦርዶስ በሚገኝ ሐይቅም በ1990 አካባቢ ትልቅ መንጋ ተገኝቶ ነበር፤ ሐይቁ እየደረቀ ሲሄድ ወፎቹ ወደ ሆንግጂያናኦ ሐይቅ ተሻገሩ።

አላኮል በ1998 የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። ቅሪት ሲጋል ግን የዓመቱን እኩሌታ እዚያ የለም፤ የብርዱን ወቅት በአብዛኛው የሚያሳልፈው በቻይና ቦሃይ ባሕረ ሰላጤ ጭቃማ ዳርቻ ሸርጣን እየለቀመ ነው።