ከቦሌ እስከ ዋጋዱጉ፦ የፌስፓኮ መንገድ

በቦሌና በአካባቢዋ ካፌዎች የሚገናኙ የፊልም ባለሙያዎች «ፌስፓኮ» የሚለውን ስም ሲያነሱ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ። አንደኛው «እንዴት ነው የሚኬደው?» ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የማቀርበው ፊልም ሳይኖረኝ ብሄድ ምን አገኛለሁ?» የሚል ነው። እኔ በየካቲት 2011 ዓ.ም. የሄድኩት በተመልካችነት ብቻ ስለነበር፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ደጋግሜ ተጠይቄያለሁ። ለመመለስ ግን በመጀመሪያ ፌስቲቫሉ ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።

ፌስፓኮ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የመላው አፍሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ፌስቲቫል ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969፣ አገሪቱ የላይኛው ቮልታ ትባል በነበረበት ጊዜ፣ በጥቂት የፊልም አፍቃሪዎች አነሳሽነት ነው። በዓመቱ መንግሥት በፈረንሳይ ኩባንያዎች እጅ ከነበሩት ሲኒማ ቤቶች ጋር ተጋጨና ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ። ድሃ የሚባል አገር የራሱን ሕዝብ የራሱን ፊልም ለማሳየት ሲል ይህን ማድረጉ በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ፌስቲቫሉ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1972 ሲሆን፣ ከ1979 ወዲህ በፈረንጆች አቆጣጠር ጎዶሎ ዓመታት ይካሄዳል። ወቅቱ ብዙውን ጊዜ ከእኛ የካቲት ጋር ይገጥማል። በኮቪድ ምክንያት ወደ ጥቅምት የተሸጋገረው የ2021ዱ ብቻ ለየት ይላል።

ታላቁ ሽልማት የየኔንጋ የወርቅ ድንጉላ ይባላል። የኔንጋ በሞሲ ሕዝብ አፈ ታሪክ የምትታወቅ ፈረሰኛና ተዋጊ ልዕልት ናት። አባቷ እንዳታገባ ቢከለክላት በፈረስ ሸሸች፤ ፈረሱም ጫካ ውስጥ ወደሚኖር ዝሆን አዳኝ ወሰዳት። ከእሱ የወለደችውን ልጅ ለፈረሱ መታሰቢያ «ዌድራጎ» አለችው፤ ትርጉሙ ድንጉላ ፈረስ ነው። ዋጋዱጉ ላይ ከተዋወቅኋቸው ሰዎች ምን ያህሉ ዌድራጎ እንደሚባሉ ለመቁጠር ሞክሬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተውኩት። እ.ኤ.አ. በ1991 «ቲላይ» በተሰኘው ፊልሙ ሽልማቱን የወሰደው ዳይሬክተርም ኢድሪሳ ዌድራጎ ነው።

ይህን ድንጉላ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣ አንድ ሰው ብቻ አለ። ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» መጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. አሸንፏል። ከምሥራቅ አፍሪካም የመጀመሪያው ነበር። ፊልሙ ቀደም ሲል በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በካርቴጅ ደግሞ የወርቅ ታኒት አግኝቶ ነበር። እንግዲህ በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የአማርኛ ፊልም ገበያ ደርቶ፣ በቦሌ መንገድ ዓለም ሲኒማን ጨምሮ በየሲኒማ ቤቱ ሰልፍ ይታይ ነበር። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ፊልም መካከል ለዋናው ሽልማት የሚወዳደር ለምን ጠፋ? ብዙዎቻችን «ጥራት የለንም» ብለን ራሳችንን ስንወቅስ ኖረናል። ጥራት አንድ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን በሩን የዘጋው ሌላ ነበር።

ፌስፓኮ እስከ 2013 ድረስ ለረጅም ልብ ወለድ ፊልሞች ዋና ውድድር የሚቀበለው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የታተመ ሥራ ብቻ ነበር። የ100 ደቂቃ ፊልም በዚህ መጠን ሲታተም ርዝመቱ 2 ነጥብ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ክብደቱም ከ20 ኪሎ ያልፋል። የእኛ አገር የፊልም መነቃቃት ደግሞ የተወለደው በቪዲዮ ካሜራ ነው። በቪዲዮ ተቀርጾ፣ በኮምፒዩተር ተቀናብሮ፣ በፕሮጀክተር የሚታይ ነበር። ያንን ወደ ሴሉሎይድ ለማስገልበጥ የሚጠየቀው የውጭ ምንዛሪ አንድ ሌላ ፊልም ሊያሠራ የሚችል ነበር ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ናይጄሪያውያንም የቪዲዮ ፊልሞቻቸውን ይዘው እዚያው በር ላይ ቆመው ነበር።

ደንቡ የተቀየረው በ2015 ነው። ዲጂታል ፊልሞች ለዋናው ውድድር እንዲቀርቡ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የኸርሞን ኃይላይ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ»፣ የአዲስ አበባ የታክሲ ሾፌርና የአንዲት ሴተኛ አዳሪ ታሪክ፣ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ነበር። አጋጣሚ ሊባል ይችላል፤ ለእኔ ግን የደንቡን ክብደት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። እግረ መንገዴን ላንሳውና፣ ከ1972 እስከ 2025 ባለው ጊዜ ውስጥ የወርቅ ድንጉላውን የወሰደች ሴት ዳይሬክተር አንዲትም የለችም። ይህ በ2019ኙ በዓል ላይ በግልጽ ሲያከራክር ሰምቻለሁ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ፊልም የሌለው ሰው የሚያገኘው ተመልካች ነው። በካን ወይም በቬኒስ ፊልሙን ከባለሙያ ጋር ነው የሚያዩት። በዋጋዱጉ ግን አጠገብዎ የተቀመጠው ሞተር ሳይክሉን ውጭ አቁሞ የገባ መካኒክ ሊሆን ይችላል። ይስቃል፣ ተዋናዩን ይሳደባል፣ ይመክራል፤ ልክ እንደኛ አገር ተመልካች። ልዩነቱ የሚስቀውና የሚሳደበው የሴኔጋልን፣ የቱኒዚያን ወይም የሩዋንዳን ፊልም እያየ መሆኑ ነው። እኛ አገር የሌላ አፍሪካ አገር ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነች ከተማ ይህ ሊያሳስበን ይገባ ነበር። ዳይሬክተሮቹም አይሸሹም፤ ጠዋት በውይይት መድረክ፣ ማታ በሆቴል ግቢ ይገኛሉ። ፊልም መሸጥ ወይም አጋር አዘጋጅ መፈለግ ለሚሻ ደግሞ ከ1983 ጀምሮ ከፌስቲቫሉ ጋር ጎን ለጎን የሚካሄድ ገበያ አለ።

እኔ በሄድኩበት ዓመት መዝጊያው የዋለው ቅዳሜ የካቲት 23 ቀን፣ በአድዋ በዓል ዕለት ነበር። ድንጉላውን የወሰደው ሩዋንዳዊው ጆኤል ካሬኬዚ ነው። እኛ በሠንጠረዡ ላይ አለመኖራችን በዚያ ቀን ትንሽ ከነከነኝ።

አሁን ስለ ጉዞው። ከቦሌ እስከ ዋጋዱጉ በቀጥታ መስመር 4 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበርራል፤ በመካከል ሌላ ከተማ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባን እንረሳለን፤ ዋጋዱጉ ግን 300 ሜትር ላይ ናትና ሐኪም ሳያማክሩ አይሂዱ። ቡርኪና ፋሶ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካውያን የቪዛ ክፍያ ማስቀረቷን አስታውቃለች። የቀረው ክፍያው እንጂ ማመልከቻው አይደለም።

ገንዘቡ ሴፋ ፍራንክ ነው። ከዩሮ ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ በመሆኑ (1 ዩሮ 655 ነጥብ 957 ፍራንክ) ከዶላር ይልቅ ዩሮ መያዝ ይሻላል። ሰዓቱ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው። ፕሮግራሙ ላይ 20 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር የእነሱ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ በዚያን ሰዓት አዲስ አበባ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይሆናል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምሽቶች ፊልም እያየሁ ያንቀላፋሁት ለዚህ ይመስለኛል። ሙቀቱና አቧራው ከባድ ነው። ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያላቸውን ፊልሞች አስቀድሞ መርጦ ቢገባ ይጠቀማል።

ጸጥታን በተመለከተ፣ አገሪቱ በ2022 ብቻ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት አስተናግዳለች፤ ከዋና ከተማው ውጭ ያለው ሁኔታም አስጊ ሆኖ ቆይቷል። በዓሉ ግን በ2023ም በ2025ም ተካሂዷል። የእኔ ምክር ከከተማው አለመውጣትና ከመነሳት በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ ማጣራት ነው።

ፊልም ያለው ሰው ምዝገባው ከበዓሉ ወራት ቀድሞ እንደሚዘጋ ማወቅ ይኖርበታል። ደንቡ ምንም ይበል ምን የፈረንሳይኛ ሰብታይትል ያሠሩ። ያ መካኒክ አማርኛ አይሰማም፤ እንግሊዝኛም እንዲያነብ አይጠበቅበትም።