ከጥበቃ ወደ አጋርነት፦ የአረጋውያንና የፖሊስ ትብብር ታሪክ በአሜሪካ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአሜሪካ «ትራያድ» ተብሎ በሚታወቀው የአረጋውያንና የሕግ አስከባሪዎች ትብብር አነሣሥ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1970ዎቹ የአረጋውያን የወንጀል ፍርሃት በአሜሪካ ከተሞች ዐቢይ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በዚያው ዘመን የተጀመረው ብሔራዊ የወንጀል ጥናት ግን ግራ የሚያጋባ ውጤት አሳየ። ጥናቱ ከፖሊስ መዝገብ ይልቅ በየቤቱ ነዋሪውን ስለሚጠይቅ፣ ለፖሊስ ያልተነገረውንም ወንጀል ይቆጥር ነበር። በዚህ ቆጠራ መሠረት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በኃይል ወንጀል የሚጠቁት ከሌሎች የዕድሜ ክፍሎች ባነሰ መጠን ነበር። ታዲያ ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ ነበርን?

አልነበረም። ፀሐይ ስትጠልቅ በሩን የሚቆልፍ ሰው በመንገድ ላይ አይዘረፍም፤ የቁጥሩ ማነስ በከፊል ፍርሃቱ ራሱ ያስከተለው ሊሆን ይችላል። ደግሞም ቦርሳዋን የተነጠቀች ወጣት ወድቃ ትነሣ ይሆናል፤ አሮጊት ብትወድቅ ግን ዳሌዋ ሊሰበርና ከዚያ ወዲያ ራሷን ችላ መኖር ሊያቅታት ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ በማታለል የሚወሰድ ገንዘብና በገዛ ቤት ውስጥ የሚፈጸም በደል በዚያ ቆጠራ በወጉ አይታዩም ነበር። በክላውድ ፔፐር ይመራ የነበረው የተወካዮች ምክር ቤት የአረጋውያን ጉዳይ ኮሚቴም በ1981 ባወጣው ዘገባ፣ በአረጋውያን ላይ የሚደርሰውን በደል የተሰወረ ችግር ብሎታል።

የተሰወረን ነገር የፖሊስ መኪና በመንገድ ላይ በመመላለስ አያገኘውም። የሚያውቁት ጎረቤት፣ ወዳጅና ባለቤቱ ራሱ ናቸው። በ1988 የአሜሪካ ጡረተኞች ማኅበር፣ የዓለም አቀፍ የፖሊስ አዛዦች ማኅበርና ብሔራዊ የሸሪፎች ማኅበር የትብብር ስምምነት ሲፈራረሙ የተነሡት ከዚህ ግንዛቤ ነበር። «ትራያድ» የሚለው ስም ሦስትነትን የሚያመለክት ነው። የመጀመሪያው የአካባቢ ትራያድ በ1989 በሉዊዚያና ግዛት፣ በሴንት ማርቲን ፓሪሽ ተቋቋመ።

የአሠራሩ ዋና ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በየአካባቢው አረጋውያንና ሕግ አስከባሪዎች አብረው የሚቀመጡበት ምክር ቤት ይቋቋማል፤ ምክር ቤቱም በቅድሚያ አረጋውያኑን ምን እንደሚያሠጋቸው ይጠይቃል። ዕቅዱ የሚወጣው ከመልሱ በኋላ ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ በየቀኑ ስልክ መደወል፣ የበር ቁልፍ ማጠንከር፣ ስለ አጭበርባሪዎች ማስተማር ከተለመዱት ተግባራት ይገኙባቸዋል። ጡረተኞች ራሳቸውም በፖሊስ ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ። ቀድሞ ተጠባቂ ብቻ የነበረ ሰው በዚህ መንገድ ተመካካሪና አገልጋይ ሆነ።

ይሁን እንጂ አጋርነቱ ወሰን አለው። ወደ ስብሰባ መምጣት የሚችል አረጋዊ ሥጋቱን ይናገራል፤ ከአልጋ የማይነሣው፣ በዳዩም የሚያጎርሰው ልጁ የሆነበት ግን ዝም ይላል። ልጁን ቢከስ ማን ይጦረዋል? በሌላ በኩል አታላዩ ዛሬ በር ማንኳኳት አያስፈልገውም። የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2023 ከተቀበላቸው የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታዎች፣ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ያመለከቱት ኪሳራ ብቻ ከ3.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የተጠናከረ የበር ቁልፍ ይህን አያግደውም።

እንግዲህ የትራያድን ታሪክ ስንመዝን፣ ስንት ወንጀል አስቀረ የሚለው አንዱ ጥያቄ ብቻ ነው። ሌላው፣ ስለ አረጋውያን ደኅንነት ሲወሰን አረጋውያኑ የት ተቀምጠው ነበር የሚለው ነው። የ1988ቱ ስምምነት በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር ሰጣቸው። ከዚያ ጠረጴዛ መድረስ ያልቻሉትን ፈልጎ ማግኘት ግን ዛሬም ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።