አድራሻ አከራይ፦ ዲኤችሲፒ በአማርኛ

የኮምፒውተር ጥገናና የኔትወርክ ሥራ የሚማር ሰው ገና በጠዋቱ ከሚሸመድዳቸው ምህጻረ ቃላት አንዱ ዲኤችሲፒ ነው። ሲዘረዘር ዳይናሚክ ሆስት ኮንፊገሬሽን ፕሮቶኮል ይሆናል። ተማሪው በዚህ ዝርዝር ፈተናውን ያልፋል፤ ሥራ ላይ ግን «ዋይፋዩ ገብቷል፣ ኢንተርኔቱ ግን አይሠራም» የሚል ደንበኛ ሲመጣበት ሁለቱን ነገር አያገናኛቸውም። እኔ ለዚህ ቃል የምመርጠው አማርኛ «አድራሻ አከራይ» ነው። «አድራሻ ሰጪ» ቢባልም ያስኬዳል፤ ነገር ግን የሰጡት ነገር ተሰጥቶ ይቀራል፣ ይህ አገልግሎት ግን ጊዜ ቆርጦ ያከራያል፣ ጊዜው ሲያልቅም መልሶ ይረከባል። አድራሻው የሚያዝበት ጊዜ በሙያው ሊዝ ይባላል፤ ከመሬት ሊዝ ጋር ለሚኖር የከተማ ሰው ይህ ቃል እንግዳ አይደለም።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ኔትወርክ ላይ ያለ ማንኛውም መሣሪያ አይፒ አድራሻ ያስፈልገዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ቡትፒ የተባለው የቀድሞ ዘዴ የእያንዳንዱን ማሽን አድራሻ አስቀድሞ በእጅ መዝግቦ መያዝን ይጠይቅ ነበር። ዲኤችሲፒ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ትልቁ ለውጥ ኪራዩ ነው፤ አድራሻው ከአንድ ቋት ይወጣል፣ ተጠቅመውበት ወደ ቋቱ ይመለሳል።

ላፕቶፑ ሲከፈት የራሱን አድራሻም ሆነ የአከራዩን ማንነት አያውቅም። ስለዚህ ኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ «የሚያከራይ አለ?» ብሎ ይጣራል። አከራዩ «ይኸውልህ፣ ይህ ቁጥር ክፍት ነው» ይለዋል፤ ላፕቶፑ «እሱን እወስዳለሁ» ይላል፤ አከራዩ ያጸድቅለታል። ዲስከቨር፣ ኦፈር፣ ሪኩዌስት፣ አክኖውሌጅ የሚባሉት እነዚህ አራቱ ናቸው። ከአድራሻው ጋር የጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚያወጣው በር) እና የዲኤንኤሱ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚፈታው) ቁጥርም አብሮ ይመጣል፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ደኅንነቱ ጉዳይ ስንደርስ ያስፈልገናል። ተከራዩ ጊዜው እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ግማሹ ሲያልፍ ራሱ ያሳድሳል።

አሁን አንድ ካፌ እንውሰድ። ራውተሩ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 ያሉትን ቁጥሮች ያከራያል፤ መቶ አድራሻ ማለት ነው። የኪራዩ ጊዜ 24 ሰዓት ነው። ጠዋት ማኪያቶ ጠጥቶ የወጣ ደንበኛ ስልኩን ይዞ ይሄዳል፣ አድራሻው ግን እስከ ነገ ጠዋት በስሙ ተይዞ ይቆያል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ሰው እንኳ ሳይኖር ቋቱ ያልቃል። የሚቀጥለው ሰው ሲመጣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ፓስወርዱም ትክክል ነው፣ ስልኩ ግን አድራሻ ፍለጋ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ያወጣል፤ ይህ ቁጥር በታየ ጊዜ ላፕቶፑ አከራይ ፈልጎ አጥቷል ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ከግቢው ወጥቶ ኢንተርኔት ማግኘት አይቻልም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ሲብስም አዲስ መግዛት ወይም የኢንተርኔቱን ፍጥነት ማሳደግ የተለመደ ነው። ይህ የሰው ገንዘብ በከንቱ ማስወጣት ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ ገብቶ የኪራዩን ጊዜ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማሳጠር፣ ቋቱንም ማስፋት ነው። ምንም ወጪ የለውም።

ፕሪንተር ግን በየጊዜው ቁጥሩ ከተቀያየረ ሠራተኛው ማተም ያቅተዋል። ለእሱ በማክ አድራሻው (በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) መዝግቦ ሁልጊዜ አንዱን ቁጥር እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል፤ ሪዘርቬሽን የሚባለው ይኸው ነው።

የደኅንነቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ላፕቶፑ ሲጣራ መልስ የሰጠውን ሁሉ ያምናል፤ አከራዩ እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። አንድ ሠራተኛ ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ ትርፍ ራውተር ከቤቱ አምጥቶ ግድግዳው ላይ ባለው የኔትወርክ ሶኬት ቢሰካ፣ ቢሮው ሁለት አከራይ ሊኖረው ይችላል። ቀድሞ የመለሰው ተከራዩን ይወስዳል፤ የአንዱ ጠረጴዛ ኮምፒውተር ሲሠራ የጎረቤቱ አይሠራም። ያ ሠራተኛ ክፋት የለበትም። ክፉ ሰው ከሆነ ግን የራሱን ማሽን ጌትዌይ ወይም ዲኤንኤስ አድርጎ ያስመዘግባል፤ የቢሮው ግንኙነት በእሱ በኩል ያልፋል ወይም እሱ ወደፈለገው ገጽ ይመራል። ይህን «ሕገ ወጥ አከራይ» ልንለው እንችላለን። መከላከያው ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ነው፤ ስዊቹ (የቢሮውን የኔትወርክ ገመዶች የሚያገናኘው መሣሪያ) የኪራይ መልስ ከተፈቀደለት ፖርት ብቻ እንዲያሳልፍ፣ ከሌላው የመጣውን እንዲጥል ይታዘዛል። ብዙዎቹ ርካሽ ስዊቾች ይህ የላቸውም፤ ለቢሮ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሕገ ወጡን አከራይ ለማግኘት፣ ችግር ያለበት ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል ብላችሁ ስትጽፉ «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» በሚለው መስመር የአከራዩ ቁጥር ይወጣል። የቢሮው ራውተር ወይም ሰርቨር ቁጥር ካልሆነ የዚያን አከራይ ማክ አድራሻ ያዙ፣ ስዊቹ ላይ በየትኛው ፖርት እንደገባ እዩ፣ ገመዱን ተከትላችሁ ሂዱ።